ኦስቫልድ ቦልኬ እና ሁለተኛው የጀርመን ተዋጊ ስኳድሮን፦ ከግለሰብ ጀግንነት ወደ ተወራሽ ሙያ

መግቢያ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የአየር ተዋጊዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በቁጥር ነው። ማን ስንት አውሮፕላን ጣለ የሚለው ጥያቄ ሌሎቹን ጥያቄዎች ሸፍኗቸው ኖሯል። በዚህ ሚዛን ከተለካ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው 80 ድሎች የተመዘገቡለት ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን ነው፤ ሪሽትሆፈንን መርጦ ያሠለጠነውና 40 ድሎች የተመዘገቡለት ኦስቫልድ ቦልኬ ግን በተማሪው ጥላ ሥር ቀርቷል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ትተን በአየር ውጊያ ላይ ማን ምን ዕውቀት አቆየ ብለን ብንጠይቅ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የቦልኬን ሕይወት ከሁለተኛው የጀርመን ተዋጊ ስኳድሮን ምሥረታ ጋር አያይዞ ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የቦልኬ ዋነኛ ሥራ አውሮፕላን መጣሉ ሳይሆን፣ እስከዚያ ድረስ የግለሰብ ተሰጥኦ ተደርጎ ይታይ የነበረውን የአየር ውጊያ ሊነገር፣ ሊማሩትና ሊወረስ የሚችል የቡድን ሙያ ማድረጉ ነው። የዚህ ሥራ እውነተኛ መፈተኛም መሥራቹ በሕይወት የነበረበት ጊዜ ሳይሆን ከሞተ በኋላ የመጣው ጊዜ ነበር። አሟሟቱ ራሱ እርሱ በጽሑፍ ካስቀመጠው የመጨረሻ መመሪያ ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ፣ የሕይወት ታሪኩ የትምህርቱንም ጥንካሬ የትምህርቱንም ወሰን በአንድነት ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተዳደጉና ወደ ሠራዊቱ መግባቱ

ኦስቫልድ ቦልኬ ሜይ 19 ቀን 1891 በጀርመን አገር፣ በሃለ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ጊቢሸንሽታይን ተወለደ። አባቱ መምህር ሲሆን በአርጀንቲና መዲና በቦይነስ አይረስ በሚገኝ የጀርመን ፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ያገለግል ነበር፤ ቤተሰቡ ወደ ጀርመን የተመለሰው ልጁ ከመወለዱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ነው። በኋላም ቤተሰቡ ወደ ደሳው ከተማ ተዛውሮ ልጆቹ በዚያ አደጉ። ቦልኬ በሕፃንነቱ የያዘው ትክትክ የመተንፈሻ አካሉን ጎድቶት ስለነበር አስም ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ይህም ሆኖ በዋና፣ በተራራ መውጣትና በአካል እንቅስቃሴ ጎልቶ የሚታይ ወጣት ሆነ።

ወታደር የመሆን ምኞቱ የጀመረው በልጅነቱ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ወታደራዊ ትምህርት ቤት እንዲገባ ለንጉሠ ነገሥቱ ለዳግማዊ ቪልሄልም በቀጥታ ደብዳቤ መጻፉ ይታወቃል። ጥያቄው ተቀባይነት ቢያገኝም ወላጆቹ አልፈቀዱለትም። መደበኛ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ግን በ1911 በኮብሌንዝ ከተማ በሰፈረው ሦስተኛ የቴሌግራፍ ሻለቃ በዕጩ መኮንንነት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሙያው መገናኛ መሆኑ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ወሬ ከግንባር ወደ ኋላ እንዴት በፍጥነት እንደሚደርስ የሚያስበው አእምሮ በኋላ በአየር ሜዳው ላይም ሲሠራ እናየዋለን።

በ1914 የበጋ ወራት ወደ ሃልበርሽታት የበረራ ትምህርት ቤት ገባ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈው ኦገስት 15 ቀን፣ ጦርነቱ ከተቀጣጠለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ወዲያውም ታላቅ ወንድሙ ቪልሄልም በቃኝነት ወደሚያገለግልበት 13ኛው የሜዳ በረራ ክፍል ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አውሮፕላን፣ ታናሹ እያበረረ ታላቁ እየቃኘ፣ በርካታ የቅኝት በረራዎችን አደረጉ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሠራዊት ዐይን እንጂ ክንድ አልነበረም፤ ሥራው የጠላትን ምሽግና የመድፍ ቦታ ማየትና መመዝገብ ብቻ ነበር።

ዱዌ፦ የብቸኛ አዳኝ ዘመን

በ1915 የጸደይ ወራት ቦልኬ በሰሜን ፈረንሳይ በዱዌ ወደ ሰፈረው 62ኛው የሜዳ በረራ ክፍል ተዛወረ። በዚያ ከማክስ ኢመልማን ጋር ተገናኘ፤ የሁለቱ ስም ለአንድ ዓመት ያህል ተነጣጥሎ አልተጠራም። ቦልኬ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ጁላይ 4 ቀን 1915 ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እያበረረ፣ ከኋላው የተቀመጠው ቃኚ በመትረየስ የፈረንሳዮችን አውሮፕላን በመታ ጊዜ ነበር።

የአየር ውጊያን መልክ የለወጠው ግን በዚያው የበጋ ወራት ወደ ዱዌ የመጣው ባለ አንድ መቀመጫ፣ ባለ ነጠላ ክንፍ ፎከር አውሮፕላን ነው። የአውሮፕላኑ ፍጥነትም ሆነ የመውጣት ኃይሉ የሚደነቅ አልነበረም። ልዩ ያደረገው የመትረየሱን ተኩስ ከፕሮፔለሩ ዙረት ጋር የሚያጣጥመው መሣሪያ ነበር። ጥይቱ በሚሽከረከሩት የፕሮፔለር ቅጠሎች መካከል ስለሚያልፍ አብራሪው አውሮፕላኑን ወደ ዒላማው ማቅናት ብቻ ይበቃው ነበር። በዚህም አውሮፕላኑ ራሱ የሚበር መሣሪያ ሆነ። የጀርመን አዛዦች ምስጢሩ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ በመስጋት አብራሪዎቹ የጠላትን መስመር እንዳይሻገሩ ከለከሉ።

በዚህ ዘመን ፎከሮቹ በየቅኝት ክፍሉ አንድ ሁለት እየሆኑ ተበትነው ነበር። ተዋጊው ብቻውን ይነሣል፤ ብቻውን ያድናል፤ ብቻውን ይመለሳል። ቦልኬና ኢመልማንም ስምንት ስምንት ድል በተመዘገበላቸው ጊዜ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1916፣ የፕሩሲያ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን የሆነውን ፑር ለ ሜሪትን በአንድነት ተቀበሉ። ከተዋጊ አብራሪዎች መካከል ይህን ኒሻን በመሸለም እነርሱ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ምስላቸው በፖስታ ካርድ እየታተመ በመላው ጀርመን ተሠራጨ። በምሽግ ውስጥ በጅምላ በሚያልቅበት ጦርነት ሕዝቡ በስም የሚያውቀው ጀግና ይሻ ነበርና መንግሥትም ይህንን ጥማት ለቅስቀሳ ተጠቀመበት።

ከዱዌ ዘመኑ አንድ ሌላ ክስተት መጠቀስ ይገባዋል። በኦገስት 1915 መጨረሻ አንድ የአካባቢው ፈረንሳዊ ልጅ በቦይ ውኃ ውስጥ ሲሰጥም ያየው ቦልኬ ከነልብሱ ዘልሎ ገብቶ አወጣው። ለዚህ ተግባሩ የሕይወት አድን ሜዳይ ተሸልሟል። ክስተቱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ተደጋግሞ የሚወሳው የጨዋ ተዋጊን ምስል ለማጠናከር ነው። ምስሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ያው ሰው በዚያው ወር ሰዎችን በአየር ላይ ለመግደል የሚያስችለውን ዘዴ በጥንቃቄ ያጠና ነበር። ተመራማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንጂ አንዱን በሌላው መሸፈን አይገባውም።

ቨርደን፦ ከአደን ወደ ሥርዓት

በፌብሩዋሪ 1916 የቨርደን ጦርነት ሲጀመር ቦልኬ ወደዚያ ግንባር ተላከ። በዚያ የጀርመን አየር ኃይል ይከተለው የነበረው ስልት አውሮፕላኖችን በግንባሩ መስመር ላይ ያለማቋረጥ እያመላለሱ ለጠላት አጥር መሥራት ነበር። ቦልኬ ይህን ስልት አልተቀበለውም። ሰማይ የሚታጠር ነገር አይደለም፤ አጥር እንዲሠሩ የታዘዙት አብራሪዎችም ጠላት ባለበት ሰዓት ሳይሆን በፕሮግራሙ ሰዓት ስለሚነሡ ነዳጅና ጉልበት በከንቱ ያልቃል የሚል አቋም ነበረው።

የራሱን አማራጭ በሲቭሪ በተግባር አሳየ። ከአለቆቹ ፈቃድ አግኝቶ ለግንባሩ ቅርብ በሆነው በዚህ ሥፍራ አነስተኛ የተዋጊ ቡድን አሰፈረ፤ የአየር ሜዳውንም ከግንባር መመልከቻ ጣቢያ ጋር በስልክ አገናኘ። የጠላት አውሮፕላን ሲታይ ስልክ ይደወላል፤ አብራሪዎቹም ያን ጊዜ ይነሣሉ። የቴሌግራፍ መኮንኑ የቀድሞ ሙያ እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል። አሠራሩ ዛሬ ቀላል ቢመስልም፣ የአየር ውጊያን ከአጋጣሚ አደን ወደ መረጃ የሚመራው ሥራ የለወጠ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ የፎከር የበላይነት በዚያው የጸደይ ወራት እያበቃ ነበር። የፈረንሳዮቹ ኒውፖርትና የእንግሊዞቹ ዲ ኤች 2 አውሮፕላኖች በፍጥነትም በቅልጥፍናም በለጡት። ጁን 18 ቀን 1916 ኢመልማን ሞተ። ቦልኬ በወሩ መጨረሻ ላይ 19 ድሎች ነበሩት፤ ገና በ25 ዓመቱም የሻምበልነት ማዕረግ አግኝቶ ነበር። ከኢመልማን ቀጥሎ እርሱም ቢሞት የሕዝቡ መንፈስ ይጎዳል በሚል ስጋት ንጉሠ ነገሥቱ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይበር አዘዘ። ቦልኬ ትእዛዙን በቅሬታ ተቀበለ፤ ታሪክ ግን ለዚህ ዕረፍት ባለ ዕዳ ነው።

ስምንቱ መመሪያዎች

ከበረራ በታገደበት ጊዜ ቦልኬ በጀርመን አየር ኃይል አዛዥነት ከተሰየመው ከሄርማን ፎን ደር ሊት-ቶምሰን ጋር ተመካከረ። ከእርሱ በቀረበለት ጥያቄም ከአንድ ዓመት ውጊያ ያገኘውን ልምድ ጨምቆ በጽሑፍ አቀረበ። ይህ ጽሑፍ በኋላ በስሙ የሚጠሩት ስምንት መመሪያዎች መሠረት ሆነ።

የመመሪያዎቹ ይዘት በአጭሩ እንዲህ ነው። ተዋጊ ከማጥቃቱ በፊት የተሻለውን ቦታ፣ ይኸውም ከፍታን፣ ከተቻለም ፀሐይን ከጀርባው ማድረግን አስቀድሞ መያዝ አለበት። የጀመረውን ጥቃት ሳያቋርጥ ይፈጽም። የሚተኩሰው ተቃዋሚው ቀርቦ በማነጣጠሪያው ውስጥ በትክክል ሲገባ ብቻ ነው። ዐይኑን ከተቃዋሚው አይንቀል፤ ወድቋል ብሎም በማስመሰል አይታለል። ጥቃት በመሠረቱ ከኋላ ይሁን። ጠላት ከላይ ቢወርድበት ለመሸሽ ከመጠምዘዝ ይልቅ ፊቱን መልሶ ይግጠመው። በጠላት መሬት ላይ ሲሆን የመመለሻ መንገዱን አይርሳ። ስምንተኛውና የመጨረሻው ለቡድን የተጻፈ ነው፦ ስኳድሮን አራት ወይም ስድስት ሆኖ በጋራ ያጥቃ፤ ውጊያው ወደ ነጠላ ግጥሚያዎች ሲበታተንም ብዙዎች በአንድ ተቃዋሚ ላይ እንዳይረባረቡ ይጠንቀቁ።

በእነዚህ መመሪያዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው ስለ ድፍረት ብዙም አለመናገራቸው ነው። የሚናገሩት ስለ ቦታ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ሰዓትና ስለ ትኩረት ነው። ድፍረትን ለማንም ማስተማር አይቻልም፤ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግን ግን የሃያ ዓመት ጀማሪ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል። ሁለተኛው ከስምንቱ ሰባቱ ለአንድ አብራሪ የተጻፉ ሆነው ስለ ቡድን የሚናገረው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ቦልኬ የቡድን ውጊያን አስፈላጊነት ተረድቷል፤ ዝርዝር አሠራሩ ግን ገና በእጁ አልገባም ነበር። በዚያን ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላኖች የሬዲዮ መገናኛ አልነበራቸውም። አብራሪዎች አንዱ ሌላውን ክንፍ በማወዛወዝና የብርሃን ጥይት በመተኮስ ከመጠቆም በቀር በውጊያ መካከል የሚነጋገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስምንተኛው መመሪያ ጥንቃቄን ያዛል እንጂ ጥንቃቄው እንዴት እንደሚተገበር አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም ነበር።

የሁለተኛው ስኳድሮን ምሥረታ

በጁላይና በኦገስት 1916 ቦልኬ ኦስትሪያን፣ ባልካንንና የኦቶማን ግዛትን እየዞረ ጎበኘ። በዚያው ጊዜ በሶም ግንባር የእንግሊዝና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች የበላይነቱን ይዘው የጀርመንን መድፈኛና እግረኛ እያስጨነቁ ነበር። የጀርመን አየር ኃይልም ተዋጊዎችን ከየቅኝት ክፍሉ ሰብስቦ ራሳቸውን በቻሉ ስኳድሮኖች ለማደራጀት ወሰነ። ከእነዚህ አንዱን፣ ሁለተኛውን ተዋጊ ስኳድሮን፣ እንዲመራ ቦልኬ ተጠራ። አብራሪዎቹንም ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት።

በምሥራቅ ግንባር በኮቨል ወንድሙን ቪልሄልምን ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ ሁለት ሰዎችን መረጠ። አንደኛው ወጣቱ የፈረሰኛ መኮንን ሪሽትሆፈን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተመዘገበለት ድል አልነበረም። ሁለተኛው የ37 ዓመቱ ኤርቪን ቦሜ ነው። ቦሜ ከጦርነቱ በፊት በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በኡሳምባራ ተራሮች የገመድ ማጓጓዣ ሥራ የመራ መሐንዲስ ነበር፤ ለተዋጊ አብራሪነት ያረጀ ነው ሊባል በሚችል ዕድሜ ላይ ይገኝ ነበር። ከእነርሱ ጋር እንደ ባቫሪያዊው ማክስ ሙለር ያሉ የበታች ሹሞችም ተሰለፉ። ምርጫው ማዕረግን፣ ዕድሜንና ዝናን የተከተለ አልነበረም።

ስኳድሮኑ በወረቀት ላይ የተቋቋመው ኦገስት 10 ቀን 1916 ሲሆን፣ ቦልኬ በሶም ግንባር በቤርቲንኩር ሥራውን የጀመረው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። አውሮፕላኖቹ ግን ገና አልመጡም ነበር፤ በሴፕቴምበር መባቻ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቦልኬ ማለዳ ብቻውን ይነሣና ይዋጋል፤ ቀሪውን ቀን ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሲመለስ አገጩን ይመለከቱ ነበር ይባላል፤ በባሩድ ጢስ ጠቁሮ ከሆነ ተኩሶ መጥቷል ማለት ነውና። ሴፕቴምበር 2 ቀን 20ኛ ድሉን አገኘ። ያወረደውን እንግሊዛዊ ሻምበል ሮበርት ዊልሰንን ወደ ምርኮ ከመላኩ በፊት በመኮንኖች ክበብ ቡና ጋብዞ የአየር ሜዳውን አስጎበኘው።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የተካሄደው ትምህርት ለስኳድሮኑ ከድሎቹ ይልቅ ወሳኝ ነበር። አብራሪዎቹ ሞተራቸውንና መትረየሳቸውን ራሳቸው እንዲያውቁ፣ የጠላት አውሮፕላን ዓይነቶችን ደካማ ጎን እንዲለዩ፣ በጋራ መብረርን እንዲለማመዱ ተደረገ። መምህሩ ዝግጁ ናቸው ብሎ እስኪያምን ድረስ ወደ ግንባር አልወሰዳቸውም።

ከሴፕቴምበር 17 እስከ ኦክቶበር 26

ሴፕቴምበር 16 ቀን አዲሶቹ አልባትሮስ አውሮፕላኖች ደረሱ። ባለ 160 የፈረስ ጉልበት የመርሴዲስ ሞተርና ሁለት የተጣጣሙ መትረየሶች የተገጠሙላቸው እነዚህ አውሮፕላኖች በእሳት ኃይል ከእንግሊዞቹ የላቁ ነበሩ። በማግሥቱ ቦልኬ ተማሪዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት መርቶ ወጣ። ወደ ጀርመን ይዞታ የገባ የእንግሊዝ የቦምብ ጣይና የአጃቢ አውሮፕላኖች ስብስብ ተመለከቱ። ወዲያው ዘለው አልገቡበትም፤ በጠላትና በራሱ መስመር መካከል ገብተው ከፍታ ይዘው ጠበቁ፤ ከዚያም ወረዱበት። ቦልኬ አንድ አውሮፕላን ጣለ፤ ሪሽትሆፈንም የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ሌሎችም ቀንቷቸው ተመለሱ። መመሪያዎቹ በወረቀት ላይ የቀሩ እንዳልሆኑ በዚያ ቀን ታየ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ የስኳድሮኑ አባል ሃንስ ራይማን ከአንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ጋር በአየር ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ሌሎች ጀማሪዎችም በዚያው ወር ወደቁ። የራይማን አሟሟት የቡድን ውጊያ ይዞት የመጣውን አዲስ አደጋ አመለከተ። ብዙ አውሮፕላኖች በጠባብ ሰማይ ላይ በተሰበሰቡ ቁጥር፣ ከጥይት እኩል ግጭት ገዳይ ይሆናል።

ስኳድሮኑ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ላኚኩር ተዛወረ። ቦልኬ በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሣ ይዋጋ ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2 እስከ ኦክቶበር 26 ድረስ ባሉት ከሁለት ወር ባነሱ ጊዜያት 21 ድሎች ተመዘገቡለት፤ ጠቅላላ ቁጥሩም 40 ደረሰ። በዚያን ጊዜ በየትኛውም ወገን ይህን ያህል የተመዘገበለት አብራሪ አልነበረም። ነገር ግን ከቁጥሩ ጀርባ የደከመ ሰው ነበር። የስኳድሮን አዛዥነት፣ መምህርነትና ግንባር ቀደም ተዋጊነት በአንድ የ25 ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ ተከምረው ነበር። ሙያውን ለሌሎች ያካፈለው ሰው ሸክሙን ግን አላካፈለም ማለት ይቻላል።

ኦክቶበር 28

ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ቅዳሜ ነበር። ቦልኬ በዚያ ቀን ደጋግሞ በርሯል፤ ከሰዓት በኋላ የወጣበት በረራ ስድስተኛው ነበር። በተጠንቀቅ ላይ ሳሉ እርሱና ቦሜ ቼዝ መጫወት እንደጀመሩ ከግንባር የእግረኛ ጥቃት ጥሪ መጣና ጨዋታውን ትተው ተነሡ። ሪሽትሆፈንም ከመካከላቸው ነበር።

ከእንግሊዝ 24ኛ ስኳድሮን ሁለት ዲ ኤች 2 አውሮፕላኖች ጋር ተገናኙ። አብራሪዎቹ ናይትና ማኬይ ይባሉ ነበር። ስድስት ያህል አልባትሮሶች ሁለት ተቃዋሚዎችን ሲከቡ፣ ስምንተኛው መመሪያ ያስጠነቀቀው ሁኔታ በትክክል ተፈጠረ፤ ብዙዎች በጥቂቶች ላይ ተረባረቡ። ቦልኬና ቦሜ ጎን ለጎን ሆነው አንዱን ያሳድዱ ነበር። በዚህ መካከል በሪሽትሆፈን የሚሳደደው ሁለተኛው የእንግሊዝ አውሮፕላን በፊታቸው አቋርጦ አለፈ። ቦልኬም ቦሜም ግጭቱን ለማምለጥ ዞሩ፤ የሁለቱ አውሮፕላኖች ክንፎች ግን አንዱ ለሌላው ያለበትን ቦታ ሸፍነውት ነበር። የቦሜ አውሮፕላን የማረፊያ ጎማ የቦልኬን የላይኛ ክንፍ ነካው።

ንክኪው ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ የክንፉ ሸራ ይገሽለጥ ጀመር፤ አውሮፕላኑም ቀስ በቀስ እየወረደ ከደመናው በታች በነፋስ ተመታና ክንፉን አጣ። ምድር ሲመታ ያን ያህል የከፋ አልነበረም ይባላል። ነገር ግን ቦልኬ የራስ ቁሩን አላደረገም፤ የመቀመጫ ቀበቶውንም አላሰረም ነበር። እዚያው ሞተ። ሁለቱ እንግሊዛውያን አምልጠው ተመለሱ። ቦሜ በሐዘን ብዛት ራሱን ለማጥፋት ቃጥቶ እንደነበር ይተረካል።

የሐዘን ሥነ ሥርዓቱ በካምብሬ ካቴድራል ተፈጸመ፤ አስከሬኑም ወደ ደሳው ተወስዶ ተቀበረ። እንግሊዛውያን አብራሪዎች የአበባ ጉንጉን ከአየር ጣሉለት፤ በምርኮ ላይ የነበረው ዊልሰንም ከጓደኞቹ ጋር የአበባ ጉንጉን ላከ።

ስኳድሮኑ ከመሥራቹ በኋላ

የአንድ ተቋም ጥንካሬ የሚታወቀው መሥራቹ ሲጎድል ነው። ለሁለተኛው ስኳድሮን ይህ ፈተና ወዲያው መጣ። አዛዥነቱን የተረከበው ሽቴፋን ኪርማየር አንድ ወር ሳይሞላው ኖቬምበር 22 ቀን ተገደለ። በማግሥቱ ግን ሪሽትሆፈን የእንግሊዝ 24ኛ ስኳድሮን አዛዥ የነበረውን ዝነኛ አብራሪ ላኖ ሆከርን ከረጅም ግጥሚያ በኋላ ጣለ። ዲሴምበር 1916 ስኳድሮኑ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በመሥራቹ ስም ተሰየመ።

ትምህርቱ በሁለት መንገድ ተሻገረ። የመጀመሪያው በስኳድሮኑ ውስጥ ነው። ቨርነር ፎስን የመሳሰሉ አዲስ አብራሪዎች ቦልኬን ሳያዩት በእርሱ ዘዴ ሠለጠኑ። አዛዦች በሞትና በዝውውር ሲፈራረቁ አሠራሩ ቀጠለ፤ ከፌብሩዋሪ 1918 ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የመራው ካርል ቦሌ ነበር። በዚያን ጊዜ በስኳድሮኑ ስም የተመዘገቡት ድሎች 336 ደርሰው ነበር። ሁለተኛው መንገድ በተማሪዎቹ በኩል ነው። ሪሽትሆፈን በጃንዋሪ 1917 የተረከበው 11ኛው ስኳድሮን እስከዚያ ድረስ አንድም ድል አልነበረውም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ከጀርመን ስኳድሮኖች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ሪሽትሆፈን ያስተማረው ከቦልኬ የተማረውን ነበር። እርሱ ራሱ ኤፕሪል 21 ቀን 1918 የሞተው ተቃዋሚውን እያሳደደ በዝቅታ ወደ ጠላት ይዞታ ዘልቆ በገባበት ጊዜ ነው፤ የመመለሻ መንገድን አትርሳ የሚለውን ሰባተኛ መመሪያ የጣሰበት ቀን የመጨረሻው ሆነ።

ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ የሚሆነው የቦሜ ዕጣ ነው። መምህሩን ሳይፈልግ ለሞት የዳረገው ሰው ከሙያው አልሸሸም፤ ስኳድሮኑም አልገፋውም። በኦገስት 1917 በመምህሩ ስም የተሰየመውን ያንኑ ስኳድሮን እንዲመራ ተሾመ። 24 ድሎች ተመዝግበውለት፣ ፑር ለ ሜሪት ኒሻን በተፈቀደለት በቀናት ውስጥ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1917 በውጊያ ሞተ።

የቦልኬ ስም ከዚያ በኋላ በተለያዩ ሥርዓቶች ለተለያየ ዓላማ ዋለ። የናዚ መንግሥት አንድ የቦምብ ጣይ ክፍሉን በስሙ ሰየመ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በኔርፈኒኽ የሚገኘው የፌዴራል ጀርመን አየር ኃይል ክፍል ይህንኑ ስም ይዟል። በሞተ ጊዜ 25 ዓመቱ የነበረ ሰው የኋለኛዎቹን ዘመናት ፖለቲካ ሊደግፍም ሊቃወምም አይችልም፤ ስሙን የሰጡት ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ከእርሱ ይልቅ ይበዛል።

ማጠቃለያ

የቦልኬ ሕይወት በሁለት የውጊያ ዘመኖች መካከል የቆመ ነው። በዱዌ የምናገኘው ቦልኬ ብቻውን የሚያድን ጀግና ነው፤ በላኚኩር የምናገኘው ግን ያወቀውን ሁሉ ለማካፈል የሚጣደፍ መምህር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በቨርደን የጀመረው ሐሳብ፣ ይኸውም የአየር ውጊያ በመረጃ፣ በሥርዓትና በጋራ ሥራ ሊመራ ይችላል የሚለው እምነት ነው።

አሟሟቱ ለዚህ እምነት ማስተባበያ ተደርጎ ሊወሰድ ይችል ነበር፤ የቡድን ውጊያን የሰበከው ሰው በቡድን ውጊያ፣ በገዛ ተማሪው ጎማ ሞተና። ይሁን እንጂ ከዚህ በላይ የቀረበው ታሪክ ወደ ሌላ መደምደሚያ ይመራል። ቦልኬን የገደለው የመመሪያው ስሕተት ሳይሆን መመሪያውን ለመፈጸም የሚያስችለው መገናኛ ገና አለመኖሩና የአዛዡ ድካም ነው። አደጋውን አስቀድሞ አይቶታል፤ በጽሑፍም አስቀምጦታል፤ መፍትሔውን ግን ዘመኑ አልሰጠውም። ከእርሱ ሞት በኋላ የተማሪዎቹ ስኳድሮኖች መቀጠላቸው ዕውቀቱ ከሰውየው ተለይቶ መቆም እንደቻለ ያሳያል። የዚህ ዓይነቱን ታሪክ ስናጠና የጣሉትን ከመቁጠር ይልቅ ያስተማሩትን መከታተል የተሻለ መንገድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።